ቁራኛ፣ ዋስና የሐኪም ወረቀት

ሐኪም ቤት ውስጥ በየቀኑ ከምንሰማቸው ቃላት አንዱ «የአልጋ ቁራኛ» ነው። አስታማሚው ይለዋል፣ እኛም እንለዋለን። ቃሉ ግን ከሐኪም ቤት አልመጣም፤ ከዳኝነት አደባባይ ነው የመጣው። በድሮው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪያገኙ አንድ ላይ ይታሰሩ ነበር፤ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ነገሩ ሲከብድም በሰንሰለት። ወህኒ ቤት በየቦታው ባልነበረበት ዘመን ተከሳሹ እንዳይጠፋ የሚጠብቀው ራሱ ከሳሹ ነበር። ዋስ የጠራ ሰው ከዚህ ይድናል። ሥርዓቱ ሻካራ ነው፣ አልናፍቀውም። አንድ ነገሩ ግን ሁልጊዜ ያስገርመኛል፦ ከሳሹም አብሮ ስለሚታሰር፣ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ሁለቱም ሳይቸኩሉ አይቀሩም።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ዋስትናን በአንቀጽ በአንቀጽ አስቀመጠው። በአንቀጽ 63 መሠረት የተያዘ ሰው በዋስ እንዲለቀቅ ሁለት ነገር መሟላት አለበት። ክሱ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ መሆን አለበት፤ ተበዳዩም በደረሰበት ጉዳት የሚሞት መሆን የለበትም። ይህን ሁለተኛውን ማነው የሚያውቀው? ዳኛው አይደለም። እኛ ነን። ሕክምና ስንማር ግን አንቀጽ 63ን ያነበበልን ሰው አላስታውስም።

እኔ የተማርኩት በሥራ ላይ ነው። ኢንተርን ሳለሁ አንድ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ነበርኩ። ጭንቅላቱን በዱላ የተመታ ወጣት አመጡልን። የመታው የአጎቱ ልጅ ነው፣ ጠቡ የመስኖ ውኃ ተራ። ጠዋት ፖሊስ ደብዳቤ ይዞ መጣ፦ «ዶክተር፣ ይተርፋል ወይስ አይተርፍም?» ልጁ ራሱን አያውቅም ነበርና «ጉዳቱ ለሕይወቱ አስጊ ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ማኅተም ተመታበት። ውሸት አልጻፍኩም። በአራተኛው ቀን ልጁ ዓይኑን ገለጠ፣ ቆይቶም በእግሩ ወጣ። እኔ ወደ ማዋለጃ ክፍል ተዛውሬ ነበር። ሌላ ወረቀት ጻፊ ያለኝ የለም፣ እኔም ትዝ አላለኝም።

ከወር በላይ ቆይቶ የሆስፒታሉ በር ላይ አንዲት እናት እግሬ ላይ ወደቁ። አጠገባቸው የቆመው ራሱ ተመቺው ነው፤ ጸጉሩ በጠባሳው ዙሪያ ማብቀል ጀምሯል። «ዶክተርዬ፣ እኔ ድኛለሁ፤ ወረቀቱ ግን ልሞት ነው ይላል» አለኝ። የአጎቱ ልጅ በየቀጠሮው ሲቀርብ ፋይሉ ውስጥ ያለው የእኔው ወረቀት ነበር። የዚያኑ ዕለት አዲስ ጻፍኩ። ዳኛው ዋስ ፈቀዱ፤ የተባለውን ብር ለማምጣት ግን እናቱ በሬ እስኪሸጡ ሌላ ዘጠኝ ቀን አለፈ።

ከ1954 ወዲህ ብዙ ተለውጧል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ አዘዘ፣ በዋስ መፈታትንም መብት አደረገው፤ ክልከላው በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ብቻ ሆነ። ከዚያ ልዩ ሁኔታዎቹ ተከታተሉ። በ1993 ዓ.ም. በሙስና የተጠረጠረ ዋስ ተከለከለ፤ በ1996 ዓ.ም. ተራው የአደገኛ ቦዘኔነት ሆነ። በ1997 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 434 የሙስናው ክልከላ ከ10 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ክስ ተወሰነ። ክርክሩ በአብዛኛው «የትኛው ወንጀል ዋስ ያስከለክላል?» የሚል ነው። በወረዳ ፍርድ ቤት ግን ሰው የሚቆየው ብዙ ጊዜ በሌላ ምክንያት ነው፦ ወረቀት ስላልታደሰ፣ የቤት ካርታ ወይም ሊብሬ ወይም ደመወዝተኛ ዘመድ ስለሌለው። የዋስትናው መጠን ሲወሰን የተከሳሹና የዋሶቹ አቅም እንዲታይ እኮ አንቀጽ 69 ከ1954 ጀምሮ ይላል!

ስለዚህ ማሻሻያው ሁሉ አዲስ አዋጅ አይጠብቅም። ከሕግ ፋኩልቲ ወጥታችሁ ዳኛና ዐቃቤ ሕግ የሆናችሁ፣ በየቀጠሮው «ተበዳዩ ዛሬ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁልን፤ ብሩን ከመቁረጣችሁ በፊትም ሰውየው በምን እንደሚተዳደር ጠይቁ። ሐኪሞች ደግሞ «አስጊ ነው» ስንጽፍ «በዚህ ቀን እንደገና ይታያል» የሚል መስመር እንጨምር። እኔ ከዚያ ወዲህ እጨምራለሁ፤ ቀኑንም በማስታወሻዬ እይዛለሁ። የድሮው ቁራኛ ሁለቱን ነበር የሚያስረው። እኛ የረሳነው ወረቀት የሚያስረው አንዱን ብቻ ነው፤ የጻፈው ሰው ግን ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሮ ሥራውን ይቀጥላል።