ከኢተርናልስ በፊት፦ የሄኖክ ትጉሃንና የጎንደር ቀጥቃጮች

የ2021ን ኢተርናልስ ፊልም ካያችሁ ፋስቶስን አትረሱትም (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከአስሩ የማይሞቱ ጀግኖች መሐንዲሱ እሱ ነው። ለሰው ልጅ የእንፋሎት ሞተር ልስጥ ሲል ገና ነው ተብሎ ማረሻ ብቻ ይሰጣል፤ በ1945 ደግሞ ሂሮሺማ ፍርስራሽ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። ውጊያው ሁሉ ብዙም አልያዘኝም፣ ይሄ ግን ምህንድስና ለተማረ ሰው ከባድ ትዕይንት ነው።

ታሪኩን ግን እኛ ቀድመን እናውቀዋለን። በመጽሐፈ ሄኖክ ትጉሃን የተባሉ 200 መላእክት በያሬድ ዘመን (የዜማው ያሬድ አይደለም፣ የሄኖክ አባት ነው) አርሞን ተራራ ላይ ይወርዳሉ። አዛዝኤል ሰይፍ፣ ጋሻና ጥሩር መሥራት ያስተምራል፤ ኩል መኳልም ከሱ ነው። ሌሎቹ የከዋክብትንና የጨረቃን ነገር ይገልጣሉ። ከዚያ ምድር በደም ትሞላለች።

መጽሐፉ ሙሉውን የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ ከሰነበተ በኋላ ቅጂዎች ይዞ ተመለሰ፤ አንዱ ፓሪስ፣ ሌላው ኦክስፎርድ ገባ። በኋላ በኩምራን ዋሻ የአረማይክ ቁርጥራጮች ተገኙና በ1976 ታተሙ። የሚገርመው ጃክ ኪርቢም የኢተርናልስን ኮሚክ የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። እንዲያው መገጣጠም ነው።

እስቲ አንድ ስሌት እንሥራ። የመጽሐፉ የሥነ ፈለክ ክፍል ቀንና ሌሊትን ለ18 ይከፍላል፤ በረጅሙ ቀን 12ቱ ለብርሃን፣ 6ቱ ለጨለማ ይደርሳል። ወደ ሰዓት ሲመነዘር 16 ለ 8 መሆኑ ነው። ጎንደር 12.6 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ረጅሙ ቀኗ 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ነው። በ1821 ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመው ሪቻርድ ሎረንስ ይህን አይቶ ጸሐፊው ከፍልስጤም ርቆ በሰሜን ይኖር ነበር አለ። ግን ያው 2 ለ 1 ምጥጥን በጥንት የባቢሎን ጽላቶችም አለ፤ ባቢሎን ደግሞ የ16 ሰዓት ቀን የላትም። ለሒሳብ እንዲመች የተጠጋጋ ቁጥር ነው እንጂ የተለካ አይደለም። ከመላእክት የመጣ ትምህርት ቢሆን ኖሮ ትንሽ ጠበቅ ይል ነበር።

አሁን ወደ ደጋው እንምጣ። መጽሐፉ የብረት ሥራን ከወደቀ መልአክ ጋር ያያይዛል። በጎንደር አካባቢም ብረት ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባል ነበር። አንዱ ሌላውን ወለደ ማለቴ አይደለም፤ ቀጥቃጭን መፍራት መጽሐፉ ባልደረሰበት የአፍሪካ ክፍልም አለ። እዚህ ስድቡ በብዛት ያረፈው በቤተ እስራኤል ላይ ነበር፤ ራሳቸውም ሄኖክን በግዕዝ ያነባሉ። ርስት ሲነፈጉ ብረት፣ ሸክላና ግንበኝነት ያዙ፤ በነገሥታቱ ግንቦች ላይም ሠርተዋል። ዛሬ ግን ግንቡን ማን ሠራው ስትሉ ቶሎ የሚመጣው መልስ ፖርቱጋል ነው። ጀስዊቶቹን እኮ ያባረረው ራሱ ፋሲለደስ ነው፣ ጎንደርን የቆረቆረውም ከዚያ በኋላ! የውጭ እጅ ጭራሽ የለበትም አልልም፤ ድንጋዩን የጠረበው፣ መሣሪያውን የቀጠቀጠው ሰው ግን ከመልሱ ውስጥ ይጠፋል።

የፋስቶስን ማረሻ ሳይ ትዝ ያለችኝ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ወለቃ ናት። የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች፤ ሰዎቿ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ያኔ የገበሬው ማረሻ ሲደንዝ ወደ ቀጥቃጩ ይወሰዳል፣ ብረቱ ግሎ ይሳላል፣ ገበሬው ይዞት ወደ እርሻው ይመለሳል። ከቀጥቃጩ ጋር ግን ማዕድ አይቆርስም ነበር።