ማን ማንን በላ? የቡዳ ተረትና የደም መጣጭ ፊልሞች

ሰው ሰውን «ይበላል» የሚለው እምነት ከጥንት ጀምሮ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ በልዩ ልዩ መልክ ሲነገር ኖሯል። በምሥራቅ አውሮፓ ገጠሮች በላተኛው ከመቃብሩ ተነሥቶ የሕያዋንን ደም የሚመጥ ሙት ነው። በኢትዮጵያ ግን በላተኛው ሙት አይደለም። ቀን ከሰው ጋር የሚውል፣ ገበያ የሚወጣ፣ ሌሊት ወደ ጅብነት ይለወጣል የሚባል፣ ጥርሱ ዓይኑ የሆነ ጎረቤት ነው፤ ስሙም ቡዳ ይባላል። የሁለቱ ተረቶች ልዩነት ላይ ላዩን ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሙት ሲከሰስ የሚጎዳው ሬሳ ሲሆን፣ ጎረቤት ሲከሰስ የሚጎዳው ሕያው ሰው ነው።

ይህ ጉዳት በአዲስ አበባም ታሪክ አለው። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ቤተ መንግሥቱም ሆነ እያደገ የሄደው ሕዝብ ባለ እጅ ይፈልግ ነበር። ከሰሜን ሸዋ አንጥረኞች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች መጥተው ከእንጦጦ ግርጌ፣ ዛሬ ጉለሌ በሚባለው ክፍል ባለው ቀጨኔ ሰፈሩ። ከጋሞ ደጋ የመጡት የዶርዜ ሸማኔዎች ደግሞ በሽሮ ሜዳና በአካባቢው መወርወሪያቸውን ተከሉ። ጀበናው፣ ምጣዱ፣ ድስቱና ጋኑ ከቀጨኔ ሴቶች እጅ ወጥቶ በከተማው ምድጃ ሁሉ ላይ ተጣደ። ሆኖም ጀበናውን በደስታ የገዛው ሰው ጀበናውን የሠራችውን ሴት ዓይን ይፈራ ነበር፤ ልጁን ከእርሷ ይሸሽግ፣ በአንገቱም ክታብ ያስርለት ነበር። ዕቃው ወደ ቤት ሲገባ ሠሪዋ ከደጅ ቀረች።

ይህ ፍርሃት ከየት መጣ ቢባል መልሱ ከጅብ ይልቅ ወደ መሬት ያመለክታል። በቀድሞው ሥርዓት የሰው ክብር የሚለካው በርስቱ ነበር። በታሪክ እንደሚነገረው፣ እ.ኤ.አ. ከ1414 እስከ 1429 በነገሡት በአፄ ይስሐቅ ዘመን ክርስትናን ያልተቀበሉ ቤተ እስራኤል ርስት እንዳይወርሱ ተደረገ። ርስት ያጣ ሕዝብ የቀረው እጁና እሳቱ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ወደ አንጥረኝነት፣ ወደ ሸክላና ወደ ሽመና አዘነበሉ። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፣ ወታደሩም ያለ ጦር አይዘምትም፤ ማረሻውንና ጦሩን የሚሠራው ግን መሬት የሌለው፣ ከማኅበሩ ውጭ የሚኖር ሰው ሆነ። የግድ የሚፈለግና ደግሞ የተናቀ ሰው ለሚፈልገው ሁሉ አስፈሪ ነው። ናትናኤል ፒርስና ማንስፊልድ ፓርኪንስን የመሳሰሉ በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ የመጡ እንግሊዛውያን፣ ጆሮው ላይ ጉትቻ ያለበት ጅብ ታየ የሚለውን ወሬ በመጽሐፎቻቸው መዝግበዋል። ጉትቻውም የዚያ ጅብ የሆነው አንጥረኛ ጌጥ ነው ይባል ነበር።

የቡዳ እምነት እንደ ቴያትር ሲታይ ምሥጢሩ ይበልጥ ይገለጣል። «ተበልቷል» የተባለው ሕመምተኛ ጭስ ይታጠናል፤ ሲያፍነውም ይለፈልፋል። «ማን ነህ? የት አገኘኸው?» ተብሎ ሲጠየቅ በገዛ አፉ «እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ የሌላ ሰው ስም ይጠራል። በዚህ ትርኢት ውስጥ ተዋናይ አለ፣ ጠያቂ አለ፣ ዙሪያውን የከበበ ተመልካች አለ፤ ተከሳሹ ብቻ የለም። የተከሳሹን ቃል ሁሉ የሚናገርለት ከሳሹ ነው። እንግዲህ የቡዳው ሐሳብ፣ ረኃቡና ምኞቱ ተብሎ የሚሰማው ነገር የተፈጠረው በፈሪው ልብ ውስጥ ነው ማለት ነው።

አንትሮፖሎጂስቱ ሮናልድ ሬሚኒክ እ.ኤ.አ. በ1974 በአማራ ሕዝብ ዘንድ ስላለው የቡዳ እምነት ባሳተመው ጥናት አንድ የአመጣጥ ተረት ይገኛል። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት። እግዚአብሔር ልጆችሽን አሳዪኝ ባላት ጊዜ ፈርታ አሥራ አምስቱን ሸሸገች፤ የተሸሸጉትም የቡዳ ዘር አባቶች ሆኑ ይላል። ተረቱ ሳያውቀው እውነቱን ያወጣል። በላ የተባለውና ተበላሁ ያለው የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ የለያቸውም የአንዱ መታየትና የሌላው መደበቅ ነው።

ይህን የመሰለ ፍርሃት መንግሥትን የሚያሳስብ ደረጃ ላይ የደረሰው በኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1732 የኦስትሪያ ጦር ሐኪሞች በሰርቢያ መንደር መቃብር አስከፍተው ስለ ደም መጣጮች ዘገባ ጻፉ፤ ወሬውም አውሮፓን አዳረሰ። በ1755 ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ሐኪሟን ጌራርድ ቫን ስዊተንን ጉዳዩን እንዲመረምር አዘዘች። እርሱም ነገሩ ካለማወቅ የመጣ መሆኑን ስላስረዳ፣ ሬሳ እያወጡ ማቃጠል በሕግ ተከለከለ። በኢትዮጵያ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በሥራው መስደብን ከለከሉ። የሰው ልጅ ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን የተወለደ መሆኑን አስታውሰው፣ ተሳዳቢው አገሪቱን ማረሻ ሠሪ ሊያሳጣት እንደሆነ አስጠነቀቁ፤ እንዲህ ያለውን ሰው የሚሰድብም እርሳቸውን እንደሰደበ እንደሚቆጠር አስታወቁ። ሁለቱ ነገሥታት አንድ በሽታ አይተዋል። ነገር ግን ማሪያ ቴሬዛ ከጥቃት ያዳነችው ሬሳን ሲሆን፣ ምኒልክ ሊያድኑ የፈለጉት ሕያው ሠራተኛን ነበር፤ ሥራውም የዚያኑ ያህል የከበደ ነው። አዋጅ ምላስን ይገታል፣ ዓይንን ግን አያዝም። ከብዙ ዓመታት በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስት አልባውን ባለ እጅ የመሬት ተጠቃሚ እንዲሆን በር ሲከፍትም፣ የስሙ ዕዳ ከመሬቱ ዕዳ ይልቅ ቆየ።

የአውሮፓው ሙት ደግሞ ከመቃብር ወደ መጽሐፍ፣ ከመጽሐፍም ወደ ፊልም ተሻገረ። በ1897 የብራም ስቶከር «ድራኩላ» ታተመ፤ በ1922 የሙርናው «ኖስፌራቱ»፣ በ1931 የቶድ ብራውኒንግ «ድራኩላ» ተከተሉ። በእነዚህ ሥራዎች ደም መጣጩ በሩቅ ግንብ የሚኖር መኰንን ስለሆነ፣ ተመልካቹ ፈርቶ ከመውጣት በስተቀር ስለ ራሱ አንዳች አይጠይቅም።

ይህን የለወጡት ከትልልቅ ኩባንያዎች ውጭ በጥቂት ገንዘብ የሠሩ ሰዎች ናቸው። ቢል ገን እ.ኤ.አ. በ1973 «ጋንጃና ሄስ» በተባለው ፊልሙ የደምን ጥማት እንደ ሱስና እንደ ብቸኝነት አሳየ። ጆርጅ ሮሜሮ በ1976 የቀረጸው «ማርቲን» ደግሞ ይበልጥ ወደ መሬት የወረደ ነው። ማርቲን የሾለ ጥርስ የለውም፤ መርፌና ምላጭ ይዞ የሚገድል፣ አእምሮው የታወከ ወጣት ነው። የሚያስጠጋው ሽማግሌ ዘመዱ ኩዳ ግን ከድሮ አገሩ ይዞት በመጣው እምነት «ኖስፌራቱ» ይለዋል፤ በነጭ ሽንኩርትና በመስቀል ያስፈራራዋል። ወጣቱ ነጭ ሽንኩርቱን ይነክሳል፣ መስቀሉንም ይነካል፤ አንዳች አይሆንም። በመጨረሻ ሽማግሌው የሚገድለው ወጣቱ ባልፈጸመው ሞት ነው፤ ሴትዮዋ የሞተችው በገዛ እጇ ነበር። ታሪኩ የሚፈጸመው በፒትስበርግ አጠገብ ባለችው ብራዶክ ነው፤ ይህች ከተማ በ1875 የአንድሩ ካርኔጊ የብረት ፋብሪካ የተከፈተባት፣ ፊልሙ ሲቀረጽ ግን ሥራ ርቋት የምትፈርስ ነበረች።

ማርቲን በእውነት ነፍሰ ገዳይ ነው፤ የቀጨኔዋ ሸክላ ሠሪ ግን ማንንም አልጎዳችም። ስለዚህ ፊልሙን በእርሷ ላይ እንደ ልብስ ማልበስ ስሕተት ይሆናል። ለኢትዮጵያ ደራሲ የሚጠቅመው የኩዳ ምስል ነው። ሮሜሮ በዓይኑ ፊት ያለውን ሰው ማየት ተስኖት ከአያቶቹ የወረሰውን ስም ብቻ የሚያይ ሽማግሌን ከመድረኩ መሐል አቆመው። ያን ጊዜ የሚያስፈራው ጥርስ መሆኑ ቀርቶ እርግጠኝነት ሆነ።

በኢትዮጵያ ቴያትርና ፊልም ቡዳው በጅብ መልክ ቢመጣ ተመልካች ይጮኽ ይሆናል፤ ይኸውም የቆየውን ክስ በአዲስ መብራት መድገም ነው። ባለሞያው ግን የሚለፈልፈውን ሕመምተኛ አፍ ትቶ ልቡን ቢከተል ብዙ ያገኛል። ስሙን የጠራው ሰው የማን ባለ ዕዳ ነው? በማን ቀንቶ ነበር? ልጁ የታመመው በምንድን ነው? በዚያኑ ሌሊት ስሟ የተጠራው ሴትስ በቤቷ ምን ታደርግ ነበር? ምናልባት ጭቃዋን እየረገጠች፣ ለነገ ገበያ የሚሆን ምጣድ እያበጀች ይሆናል። በዚያ ምጣድ የሚጋገረውን እንጀራ የሚበላው ደግሞ «በላችኝ» ያለው ሰው ነው።