ጋቢና፣ መጋረጃ፣ ማይል

እኛ ቤት ስለ አንደኛ ማዕረግ ክርክር የተጀመረው ከአውሮፕላን በፊት ነው፤ በጋቢና። አባቴ ከሐዋሳ አዲስ አበባ ሲሄድ ጋቢና ካላገኘ ጉዞውን ለነገ ያሳድር ነበር። ታሪፉ ያው ነው፤ ከኋላ የተቀመጠውም እኩል ከፍሎ፣ እኩል በሻሸመኔና በዝዋይ አቧራውን ቅሞ፣ 275 ኪሎ ሜትሩን እኩል ይጨርሳል። ጋቢና ያለው ግን ከሾፌሩ ጋር ያወጋል፣ እግሩን ይዘረጋል፣ መንገድ ላይ የሚያውቀው ሰው ካየው ደግሞ ሰላምታው ሌላ ነው። ቦታው በብር አይገዛም። ወይ ሾፌሩን ማወቅ ነው፣ ወይ ሽበት፣ ወይ ሥልጣን።

እኔ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ የሴት ጫማና ቦርሳ እሸጣለሁ። ዕቃው ከቻይና፣ ከጓንዡ ነው የሚመጣው። ብዙ ዓመት ስመላለስ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የማይል ፕሮግራም፣ በሼባማይልስ፣ የተጠራቀመው ማይል ዘንድሮ ጥያቄ አመጣብኝ፤ ልጄ አሜሪካ ሊመረቅ ነው። ማይሉን ለፊት ወንበር ባውለው በአንድ ጉዞ ያልቃል። ከኋላ ብሄድ ለሚቀጥለው የጓንዡ ጉዞም ይተርፋል። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ የሱቁም ሸሪክ፣ ነገሩን ሲሰማ "አንቺ ልጅ፣ ለአንድ ሌሊት እንቅልፍ?" አለኝ። "ጋሼ፣ እስቲ ላስብበት" አልኩት። ማሰቤ ወደ ኋላ ወሰደኝ።

ድሮ የፊት ቦታ የሚገኘው በሹመትና በትውልድ ነበር። በአፄ ምኒልክ ግብር ላይ ንጉሡ ከመኳንንቱ ጋር በመጋረጃ ተከልለው ይበላሉ፤ ከዚያ መጋረጃው ይገለጥና ሌላው በየደረጃው ይገባል። መጠጫው እንኳ ይለያያል፤ ለላይኛው ብርሌ፣ ለታችኛው ቀንድ ዋንጫ። ኪሱ ስለሞላ ብቻ ወደ መጋረጃው የሚጠጋ ነጋዴ አልነበረም።

ብር ቦታ መግዛት የጀመረው በባቡር ይመስለኛል። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ፉርጎው አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ማዕረግ ነበረው። ትኬት ቆራጩ የማን ልጅ ነህ አይልም፤ ስንተኛ ማዕረግ ነው የሚለው። ለነጋዴ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አየር መንገዳችን ሲጀምር ግን ፊትና ኋላ የሚባል ነገር አልነበረም። ታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ሥራውን ያስተዳደረው የአሜሪካው አየር መንገድ ቲ ደብሊው ኤ ሲሆን አውሮፕላኖቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ሲ-47 የጦር ማመላለሻዎች ናቸው። ውስጣቸው በግራና በቀኝ ግድግዳው ላይ የሚታጠፍ አግዳሚ አለ፤ መኻል ላይ ጭነቱ በሰንሰለት ይታሰራል። ተሳፋሪው ጉልበቱን ከጭነቱ ጋር አጋጥሞ፣ ፊት ለፊት ከተቀመጠው ሰው ጋር እየተያየ ይሄዳል። ደጃዝማችም ይሁን ጸሐፊ፣ አግዳሚው አንድ ነው። እኔ እነዚያን አውሮፕላኖች ወድጃቸዋለሁ፤ ዕቃና ሰው እኩል የተከበሩበት ዘመን ነው።

ማዕረግ ወደ ሰማይ የወጣው ከውጭ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1952 ድረስ በአትላንቲክ ላይ የሚበር ሰው ሁሉ ውድ ዋጋ ከፍሎ በአንድ ዓይነት መስተንግዶ ነበር የሚሄደው። በዚያ ዓመት አየር መንገዶቹ በማኅበራቸው በኩል ተስማምተው ርካሹን የቱሪስት ማዕረግ አወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ኢኮኖሚ ተከተለ። ልብ በሉ፣ የተፈለሰፈው የኋላው ነው። የፊቱ ድሮም ነበረ፤ ስሙን ያገኘው ከኋላው ሌላ ሲቀመጥ ነው። የእኛ የመጀመሪያ ጀቶች፣ ቦይንግ 720ዎቹ፣ በ1955 ዓ.ም. ሲመጡ ዓለም አውሮፕላንን ለሁለት መክፈል ለምዶ ነበር። የልደታ አውሮፕላን ሜዳ ለጀት ስለማይበቃ ቦሌ ተሠራ። 

ደርግ ሲመጣ የፊት ወንበር ጉዳይ ቀረ፤ ጥያቄው መውጣት ራሱ ሆነ። ከአገር ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ያስፈልግ ነበር። ያኔ አንደኛ ማዕረግ ማለት ፈቃድ ያለው ሰው ነው። የሚገርመው፣ ማይል የሚባለው ነገር የተወለደውም በእነዚሁ ዓመታት ነው። አሜሪካ የበረራ ዋጋና መስመር ቁጥጥሯን እ.ኤ.አ. በ1978 ስታነሳ አየር መንገዶቹ በዋጋ ተናከሱ። አሜሪካን ኤርላይንስ ደንበኛ እንዳይከዳው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1981 አድቫንቴጅ የተባለውን የማይል ፕሮግራም ጀመረ። ሒሳቡ የነጋዴ ሒሳብ ነው፤ ባዶ የሚሄድ ወንበር አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ለደንበኛ ምርቃት ቢሰጥ አይጎዳም። እኔም ሦስት ጥንድ ለምትገዛ ደንበኛ የማይሸጥ ቀበቶ እመርቃለሁ። ያው ኩባንያ በዚያው ዓመት ዕድሜ ልክ በአንደኛ ማዕረግ የሚያበርር ፓስ በ250,000 ዶላር ሸጧል። በኋላ በጣም ተጸጽቶበታል ይባላል፤ ገዢዎቹ ከአውሮፕላን አልወርድም አሉ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ስታር አልያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት ውስጥ ሲገባ የእኛ ማይል ዋጋው ተለወጠ። ጓንዡ ስሄድ ያጠራቀምኩት በሉፍታንዛም፣ በሌሎቹም ይሠራል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ቦይንግ 787ቱ መጣ፤ ክላውድ ናይን የሚሉት የቢዝነስ ወንበርም ከጊዜ በኋላ ተዘርግቶ አልጋ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ እውነት መናገር ያስፈልጋል፤ አየር መንገዳችን ፈርስት ክላስ የለውም። ከፊት ያለው ቢዝነስ ነው። እውነተኛውን አንደኛ ማዕረግ የፈለገ ሰው ለምሳሌ ወደ ፍራንክፈርት መሄድ አለበት። ሉፍታንዛ እዚያ ለአንደኛ ማዕረግ ብቻ የተሠራ ተርሚናል አለው፤ ከዚያ እስከ አውሮፕላኑ ደረጃ በቤት መኪና ይወስዱሃል። ልቤ ተነስቶ ነበር። ነገር ግን ያ ተርሚናል ለብቻው የቆመ ሕንፃ ነው፤ በትራንዚት የደረሰ ሰው ወደዚያ ለመሻገር ጀርመን መግባት አለበት፤ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ደግሞ ያ ቪዛ ነው። መጋረጃው አልተነሳም፤ ቦታ ቀየረ እንጂ። ልጄ ይሄን ስነግረው "እማዬ፣ እዚያ ደርሰሽ ወንበር ላይ ነው የምትቀመጪው፤ ምን ያጓጓሻል?" አለኝ። ፍራንክፈርት በዚሁ ቀረች።

የቀረው ክላውድ ናይን ነው። ማይል ነጻ አይደለም። ትኬቱ በማይል ቢሆንም ታክስና ክፍያው በገንዘብ ይከፈላል፤ ለማይል የሚለቀቀው ወንበርም ጥቂት ነው። የጋሼ ክርክር ከዚህ ይጠነክራል፤ ማይሉን ቆጥቢው፣ ለክፉ ቀን ይሆናል ነው የሚለው። እኔ ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ሲለቀቅ አይቻለሁ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 አለፈ። የማይልን ዋጋ የሚተምነው ሰጪው ራሱ ነው፤ አየር መንገዶች አንድ ጠዋት ተነስተው ወንበሩ ከእንግዲህ ይህን ያህል ማይል ነው ማለት ልማዳቸው ነው። ማይል ማስቀመጥ በሰው እጅ ብር ማስቀመጥ ነው። በዚያ ላይ ማይል ሲወጣ የካርድ ደረጃ አይወርድም፤ ሁለቱ ለየብቻ ነው የሚቆጠሩት። ለእኔ ዋናው ደግሞ እሱ ነው። ጎልድ ካርድ የያዘ ሰው ተጨማሪ ሻንጣ ይፈቀድለታል፤ የጓንዡ ሳምፕል የሚገባው በዚያ ነው።

መንገዱም ረጅም ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላን ለአሜሪካ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ይቸግረዋል። ስለዚህ ሲሄድ መንገድ ላይ ያርፋል፤ ሮም፣ ደብሊን፣ ሎሜ እያለ ማረፊያው በየዘመኑ ተቀያይሯል። ሲመለስ ግን ዋሽንግተን ዝቅ ያለች ናትና በአንድ ትንፋሽ ይመጣል። በ1976 ዓ.ም. አዲሱ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን አዲስ አበባ 12,082 ኪሎ ሜትሩን በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ያለ እረፍት በርሮ ክብረ ወሰን የያዘው በዚሁ አቅጣጫ ነው። ውሳኔዬም ከዚህ መጣ። የሚረዝመው መሄጃው ነው፤ እግሬ የሚያብጠው ያኔ ነው። መሄጃው በማይል ከፊት፣ መመለሻው በብር ከኋላ።

ጋሼ ሱቅ ድረስ መጣ። አልጋ የሚሆነውን ወንበር ፎቶ በስልኬ አሳየሁት። መነጽሩን ገፋ አድርጎ አየው፤ ስለ ወንበሩ አንድም ነገር አልተናገረም።

"ከፊት ስንት ኪሎ ያስይዛል?" አለኝ። ስነግረው ወረቀት ጠየቀኝ። ለልጄ የሚላክ በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ ነበር የጻፈው፤ ቀጥሎም ሲልቨር ስፕሪንግ ላለችው የእህቱ ልጅ አምስት ኪሎ ቡና፣ የተቆላ።