ከፋላ፦ የዋስትና ቃል እንዴት የድንበር በር ሆነ?

አገሮች የውጭ ሰው እንዳይበዛባቸው የሚያበጁት ዘዴ ብዙ ዓይነት ነው። አሜሪካ በ1882 የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ በሕግ ከለከለች፤ በ1924 ደግሞ ለየአገሩ ኮታ ቆረጠች። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ የምናወሳው ግን ብዙዎቻችን ልጅ ወይም እህት ስለላክንበት የዐረብ አገር ሥርዓት፣ ስለ ከፋላ ነው።

ቃሉ ለኛ እንግዳ አይደለም። ቁርኣን ውስጥ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) የመርየም አሳዳጊ መሆናቸው የተነገረበት ቃል ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። በፊቅህ ኪታቦችም ከፊል ማለት የሌላውን ዕዳ በራሱ ላይ የሚወስድ ዋስ ነው። ሸክሙ የሚያርፈው በዋሱ ትከሻ ላይ መሆኑን ልብ እንበል።

የዛሬውን ከፋላ መነሻ ያጠኑ ሰዎች ወደ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ወደ ባሕሬን ይወስዱናል። ያኔ ደሴቲቱ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ነበረች፤ ሉል ለማውጣት ባሕር የሚጠልቁ ሰዎች ከልዩ ልዩ አገር ይመጡባት ነበር። አስተዳደሩ ይህን ሁሉ ሰው የሚከታተልበት በቂ ሹም ስላልነበረው፣ ሰዎቹን ያመጣቸው ሰው ተጠያቂ እንዲሆን አደረገ። ለመንግሥት ርካሽ መንገድ ነበር። ከ1973 በኋላ የነዳጅ ዋጋ ሲንርና ሠራተኛ ሲጎርፍ የባሕረ ሰላጤው መንግሥታት ይህንኑ መንገድ አሰፉት።

እንግዲህ ሌላው አገር በኬላ የሚሠራውን ቁጥጥር እዚያ አሠሪው በቤቱ ይሠራዋል። ኢቃማው ከእርሱ ጋር የተያያዘ ነው። ሠራተኛዋ ደመወዝ ተከልክላ ወይም ተደብድባ ከቤት ብትወጣ፣ ከፊሉ «ጠፍታለች» ብሎ ያመለክታል፤ «ሁሩብ» የሚሉት ይህን ነው። በሕጋዊ ቪዛ የገባች ልጅ ሕገ ወጥ ትባላለች። የተሻገረችው ግን ድንበር ሳይሆን የአንድ ቤት ደጃፍ ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት እንዳይዝ በ2000 ከልክላለች። ከልጆቻችን ስንቶቹ ፓስፖርታቸው በእጃቸው እንደነበረ ግን የየቤታችን ሰው ያውቀዋል።

በ2013 የሆነውን ማን ይረሳዋል? ሳዑዲ ወረቀታቸውን እንዲያስተካክሉ ወይም እንዲወጡ ለውጭ ሰዎች የሰጠችው የወራት ጊዜ ሲያልቅ፣ በኅዳር መባቻ ፍተሻው ተጀመረ። በሪያድ መንፉሓ ሰፈር ደም ፈሰሰ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። አንድ አገር በውስጡ ማን እንዳለ የማወቅ መብት እንዳለው አንክድም፤ ከተመለሱትም በየመን በኩል በጀልባ የተሻገሩ ብዙ ነበሩ። ነገር ግን ከክፉ አሠሪ የሸሸችውንም ከእነርሱ ጋር በአንድ ስም መጥራት ፍትሕ አይደለም እንላለን።

የተሻሻለም ነገር አለ። ባሕሬን በ2009 ሕጓን አላላች፤ የቤት ሠራተኞችን ግን አልጨመረችም። ቀጠር በ2020 የቤት ሠራተኞችም ጭምር ያለ አሠሪ ፈቃድ ሥራ እንዲቀይሩ በሕግ ፈቀደች። ሳዑዲም በ2021 የግል ድርጅት ሠራተኛ አሠሪ መቀየርና ከአገር ወጥቶ መመለስ የሚችልበትን መንገድ ከፈተች። በዚያ ማሻሻያ ያልተካተቱት የቤት ሠራተኞች፣ የቤት ሹፌሮች፣ አትክልተኞችና እረኞች ናቸው።