የጄት ሞተር ድምፅ መቀነሻ ሕንፃዎች የወጪ አስተዳደር በአሜሪካ ጦር ኃይል

በአሜሪካ የአየር ኃይልና የባሕር ኃይል ሰፈሮች የተጠገነ የጄት ሞተር ወደ በረራ ከመመለሱ በፊት መሬት ላይ በከፍተኛ ኃይል ይፈተሻል። ድምፁ የጥገና ሠራተኞችን ጆሮና የአካባቢውን ነዋሪዎች ዕረፍት ስለሚጎዳ፣ በብዙ ሰፈሮች ፍተሻው ድምፅ በሚቀንስ ልዩ ሕንፃ ውስጥ ይካሄዳል።

የሕንፃው ወጪ በአመዛኙ የሚወሰነው በዕቅድ ወቅት በመሆኑ የሚከተሉት ጉዳዮች አስቀድመው ሊጣሩ ይገባል፦

1. ማቀዝቀዣ፦ የሞተሩን ትኩስ ጋዝ በውኃ የሚያቀዘቅዝ ሥርዓት ብዙ ውኃ የሚፈጅ ሲሆን ለዝገትም የተጋለጠ ነው፤ በአየር የሚያቀዘቅዘው ይህን የውኃ ፍጆታ ያስቀራል።

2. የጋራ አገልግሎት፦ ለአንድ ዓይነት አውሮፕላን ብቻ የተሠራ ሕንፃ አውሮፕላኑ ሲተካ ሥራ ሊፈታ ይችላል፤ ልዩ ልዩ ሞተሮችን የሚያስተናግድ ሕንፃ ግን ተደራራቢ ግንባታን ያስቀራል።

3. ቦታ፦ በገላጣ ስፍራ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ስለሆነም የመፈተሻ ቦታውን ማራቅ ወይም የፍተሻ ሰዓቱን መገደብ በቂ መሆን አለመሆኑ ከግንባታው በፊት ሊጠና ይገባል።

የድምፅ ቅሬታ ለጦር ሰፈሩ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ይቀርባል። የመንግሥት ገንዘብ ብክነትን የሚመለከት ጥቆማ ደግሞ የኮንግረሱ የኦዲት አካል ለሆነው የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ ማቅረብ ይቻላል።