ስምንት እርምጃ በአምስት ያርድ

አባቴ ማርሽ ባንድ ሲባል የሚያውቀው የወታደርና የፖሊስ ነው። ልጅ ሳለ ጥምቀት በመጣ ቁጥር ጃን ሜዳ የሚወርደው ታቦት ለማጀብ ቢሆንም ዓይኑ የሚቀረው ከሚያብረቀርቁት ጥሩምባዎች ላይ እንደነበር ደጋግሞ ነግሮኛል። ስለዚህ በ15 ዓመቴ ሜሪላንድ ገብቼ፣ ሁለት ወር ሳይሞላኝ የትምህርት ቤቱ ማርሽ ባንድ ውስጥ ለመግባት የፈቃድ ወረቀት ሳቀርብለት፣ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝና "አንቺ ልጅ፣ ወታደር ሊያደርጓችሁ ነው እንዴ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ፈረመልኝ። ጥያቄው ግን አብሮኝ ቆየ፤ ትምህርት ቤቱን ጨርሼ ከወጣሁ በኋላም የባንድ ታሪክ ባገኘሁ ቁጥር የማነበው እሱን ለመመለስ ነበር።

አባቴ እውነቱን ነበር። የአሜሪካ የተማሪ ባንድ የተወለደው ከጦር ሰፈር ነው። በትከሻዬ የተሸከምኩት መሣሪያ ስም ራሱ ይመሰክራል። ሱዛፎን የሚባለው ጆን ፊሊፕ ሱዛ በሚባል ሰው ስም ነው። ሱዛ እ.ኤ.አ. በ1854 ከእኛ ቤት በባቡር ግማሽ ሰዓት በማይርቀው በዋሽንግተን ከተማ ተወለደ። አባቱ የባሕር ወለድ ጦር ባንድ ውስጥ ትሮምቦን ተጫዋች ነበር፤ እሱም በ13 ዓመቱ እዚያው ባንድ ተለማማጅ ሆኖ ገባ፤ ኋላም ከ1880 እስከ 1892 ራሱ መራው። ያኔ ሰልፈኛው ሰውነቱ ላይ ጠምጥሞ የሚይዘው ሄሊኮን የተባለ መሣሪያ ነበር። ሱዛ ድምፁ ፊት ለፊት እየተወረወረ ነው ብሎ አልወደደውም፤ ከባንዱ ሁሉ በላይ ተነስቶ እንዲፈስ ፈለገ። በ1890ዎቹ የፊላደልፊያው ጄ. ደብሊው. ፔፐር፣ ቀጥሎም በ1898 የኤልክሃርት ኢንዲያናው ኮን ኩባንያ በእሱ ሐሳብ ሠሩለት። የመጀመሪያዎቹ አፋቸው ወደ ሰማይ የተከፈተ ስለነበር ዝናብ መያዣ ይሏቸው ነበር። ወደ ፊት የዞረው በኋላ ነው።

ለእኔ የደረሰኝ አሮጌ የነሐስ ሱዛፎን ነበር። የባንዱ አስተማሪ ቁመቴን አይቶ ከመጋዘኑ ጥግ አወጣልኝ። አንገቴን በክቡ ውስጥ አስገብቼ ግራ ትከሻዬ ላይ ሳሳርፈው ጉልበቴ ትንሽ ሸብረክ አለ። በሳምንቱ ትከሻዬ በልዞ እናቴ አየችና ምንም ሳትናገር ነጠላዋን አራት እጥፍ አድርጋ በመርፌ ወጋ ወጋ አደረገችልኝ። ጥለቱ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ያን ነጠላ አራቱንም ዓመት ከጃኬቱ ሥር አደረግሁት። በሞቃቱ ነሐሴ ላብ ይጠጣል፤ በኅዳር ብርድ ደግሞ ከብረቱ ቅዝቃዜ ያድናል።

ነሐሴን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባንድ የሚሠራው ትምህርት ሳይከፈት በነሐሴ፣ አስፋልት ላይ ነው። የአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ በየአምስት ያርዱ ነጭ መስመር ተሰምሮበታል፤ ከመስመር እስከ መስመር ስምንት እርምጃ ይሄዳል፣ አይጨምርም አይቀንስም። አንዱ እርምጃ ሃምሳ ሰባት ሳንቲ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። እግርን ማየት ክልክል ነው። አስተማሪያችን ከፍ ካለ ማማ ላይ ሆኖ ሲቆጥር እኛ ተረከዛችንን አስቀድመን፣ ከወገብ በላይ ሳንነቃነቅ፣ መስመሩን በእግር ጣታችን እስክናውቀው ድረስ እንመላለሳለን። እንግሊዝኛዬ ገና ይንተባተብ ነበር፤ ከአንድ እስከ ስምንት በመቁጠር ግን ማንም አልበለጠኝም። ምሳ ቤት ብቻዬን የምቀመጥ ልጅ፣ እዚያ አስፋልት ላይ ግራና ቀኜ የማይነቃነቅ ቦታ ነበረኝ።

ያ ቦታ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ስሳሳት ነው። በሁለተኛው ጨዋታ የእረፍት ሰዓት ትርኢታችን ላይ ሰልፉ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ እኔ ወደ ግራ ዞርኩ። ለስምንት ምት ያህል ብቻዬን ሄድኩ። በማግስቱ ቪዲዮውን ሲያሳዩን ያየሁት የራሴን ስህተት አልነበረም፤ በሰልፉ መካከል የቀረውን ባዶ ቦታ ነው። ከፊቴና ከኋላዬ የነበሩት ልጆች ሊሞሉት አልተጠጉም፤ ክፍተቱን ጠብቀው ሄዱ፤ እኔም ተመልሼ ገባሁበት። ማንም አልተቆጣኝም። ቡድናችን በዚያ ዓመት አብዛኛውን ጨዋታ ተሸነፈ፤ ባንዱ ግን አንድም ቀን አንገቱን ደፍቶ ከሜዳ አልወጣም።

እኛ እንደምናደርገው በሜዳ ላይ በሰልፍ ቅርጽ መሥራት የተጀመረው በዩኒቨርሲቲዎች ነው፤ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1907 የትምህርት ቤቱን የመጀመሪያ ፊደል በሰው ሠርቶ አሳየ። ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በብዛት የገባው ግን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ከጦሩ የተመለሱ ሙዚቀኞች ሥራ ፈለጉ፤ ትምህርት ቤቶች ቀጠሯቸው። የየከተማው ባንድ እየተዳከመ ገበያ የቀነሰባቸው የሙዚቃ መሣሪያ ፋብሪካዎችም ዓይናቸውን ተማሪው ላይ ጣሉ። በ1923 ቺካጎ ላይ ለተደረገው የመጀመሪያው አገር አቀፍ የትምህርት ቤት ባንዶች ውድድር ገንዘብ ያወጡት እነዚሁ ፋብሪካዎች ናቸው፤ ያሸነፈው ከኦሃዮ የመጣው የፎስቶሪያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ይህን ሳነብ አልከፋኝም። ነጋዴ ለትርፉ ያመጣውን ልጆች ክብር አደረጉት።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ የኒው ኦርሊንሱ ታሪክ ነው። በዚያች ከተማ ለጥቁር ወንዶች ልጆች እ.ኤ.አ. በ1951 የተከፈተ ሴንት ኦገስቲን የሚባል የካቶሊክ ትምህርት ቤት አለ። ኤድዊን ሃምፕተን በ1952 ባንዱን ተረክቦ ዕድሜውን ሰጠው። በ1967 የማርዲ ግራ ክብረ በዓል ትልቁ በሚባለው በሬክስ ሰልፍ ላይ እነዚህ ልጆች እንዲጫወቱ ተጠሩ፤ ከዚያ በፊት የጥቁር ትምህርት ቤት ባንድ በዚያ ሰልፍ ሄዶ አያውቅም። ከመንገዱ ዳርና ዳር የቆሙ ሰዎች ሰደቧቸው፣ ያገኙትን ወረወሩባቸው። ሃምፕተን ግን አስቀድሞ ማንም ምላሽ እንዳይሰጥ አዝዟቸው ነበር፤ አንድም ልጅ ከሰልፉ ሳይወጣ እየተጫወቱ አለፉ። የአንድ ሰው ቦታ ባዶ ሲሆን ምን እንደሚመስል ስላየሁ፣ በዚያ መንገድ ላይ አንድም ቦታ አለመጉደሉ ምን ያህል እንደጠየቃቸው ይሰማኛል።

አንድ ቅዳሜ ይህን ሁሉ ለአባቴ ስተርክለት ዝም ብሎ ሰማኝና "የእኛም አገር እኮ የልጆች ነበር" አለ። አርባ ልጆችን ማለቱ ነው። ራስ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌም ሲሄዱ፣ ከአርመኖች ጭፍጨፋ የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች በነሐስ ባንድ ሲጫወቱ አይተው ልባቸው ተነካ፤ አርባዎቹም ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የጻፉለትን ብሔራዊ መዝሙር ያቀናበሩት እሳቸው ናቸው፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓልም ተሰማ። ቤት የሌላቸው ልጆች ለእንግዳ አገር መዝሙር ነፉ። አባቴ ይህን ሲናገር ድምፁ ዝቅ አለ፤ እኔም እንግዳ አገር የገባችው ልጅ እኔ መሆኔን እያሰበ እንደሆነ አወቅሁ።

የባንድ ጃኬታችን ገበር ላይ ከእኛ በፊት የለበሱት ልጆች ስማቸውን በእስክሪብቶ ጽፈው ነበር። የእኔ አምስት ስም ነበረው፤ የመጀመሪያው ከመታጠብ ብዛት ሊጠፋ ደርሷል። የመጨረሻው ዓመት ስድስተኛውን በአማርኛ ጻፍኩበት።

የዚያ ዓመት የኅዳር ሰልፍ በከተማው ዋና መንገድ ነበር። አባቴ የሚነዳውን ታክሲ አቁሞ፣ የውሃ ጠርሙስ ይዞ መጣ። እንደሌላው ወላጅ አንድ ቦታ ቆሞ የሚያይ መስሎኝ ነበር። ሱዛፎኑ ቀኜን አይጋርደውምና ከመጀመሪያው መብራት ጀምሮ በእግረኛ መንገዱ ላይ ጎን ለጎኔ ሲሄድ አየሁት። ሰው ይገፋዋል፣ ምሰሶ ዞሮ ያልፋል፣ ተመልሶ ይደርስብኛል። ከበሮው ሲመታ ግራ እግሩ ከግራ እግራችን እኩል ነበር የሚያርፈው።