ያለ ቀለም የተሣለ የጎዳና ሥዕል

የጎዳና ሥዕል ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን የኒውዮርክ ባቡር ወይም የበርሊን ግንብ ነው። የእኛ ጎዳና ከማስታወቂያና ከመፈክር ሌላ የሚነበብ ነገር የሌለው ይመስለናል። እዚህ ላይ አንስማማም። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወስደውን መንገድ ይዘን፣ በጊንጪ አልፈን አምቦ ብንገባ፣ ከቅርብ ጊዜ ታሪካችን እጅግ የታወቀውን የጎዳና ምስል ያሳደገው አካባቢ ላይ እንደርሳለን። ምስሉ ደግሞ ቀለምም ብሩሽም አልፈጀም።

ለመሆኑ አደባባዩ የማን ነበር? በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ግዙፍ ምስሎች ይቆሙበት ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ምስሎቹ ወረዱ፤ የሌኒን ሐውልትም ተነቀለ። ልማዱ ግን አልተነቀለም። አደባባይ ላይ የሚሰቀለውን የሚመርጠው ባለሥልጣን፣ አንጋጦ የሚያየው ደግሞ ሕዝብ ሆኖ ቀጠለ።

ይህን ልማድ ከገለበጡት መካከል የምዕራብ ሸዋ ተማሪዎች ግንባር ቀደም ናቸው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የአምቦ ወጣቶች አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር የሚያቀናጀውን ማስተር ፕላን ተቃውመው ወጡ፤ በጥይት የወደቁም ነበሩ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ተቃውሞው ከጊንጪ እንደገና ተነሳና ኦሮሚያን አዳረሰ። ማስተር ፕላኑ በዚያው ዓመት ጥር ወር ቢሰረዝም ተቃውሞው አልቆመም። ቴሌቪዥኑ የመንግሥት፣ ግድግዳውም የመንግሥት ነበር። ወጣቱ የቀረው ገላው ነው። ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አንስቶ አንጓው ላይ አጣመረ።

ይህን ምስል ለማንበብ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። የታሰረ ሰው ነው። ግን ደግሞ መሣሪያ ያልያዘ እጅ ነው። ክሱም መከላከያውም በአንድ ምልክት ተጠቃለዋል።

ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. የጀልዱው ልጅ ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጆቹን አጣመረ። የምዕራብ ሸዋ ጎዳና በአንድ ቅጽበት የዓለም አደባባይ ላይ ዋለ። ፈይሳ ግን ወደ አገሩ የተመለሰው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ነው። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማስፈጸሚያ መመሪያ ደግሞ እጅን አጣምሮ ተቃውሞ ማሳየትን ከለከለ። ከዚህ የበለጠ የሥነ ጥበብ ሂስ ከየት ይመጣል? መንግሥት አንድን ምልክት በመመሪያ ሲከለክል፣ ምልክቱ በደንብ መነበቡን መሰከረለት ማለት ነው።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ፤ ቀለምም ተገኘ። በመስከረም 2011 ዓ.ም.፣ የኦነግ አመራሮች ሊገቡ ቀናት ሲቀሩ፣ ከኦሮሚያ የመጡ ወጣቶች የአዲስ አበባን የመንገድ ጠርዝና ምሰሶ በኦነግ ባንዲራ ቀለማት መቀባት ጀመሩ። ዓርማ የሌለውን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የሚወዱ የከተማዋ ወጣቶችም ተነሱ። ነገሩ ወደ ድንጋይና ዱላ ዞረ። ለአንዱ ወገን ያ ቀለም ለዓመታት ያሳስር የነበረ፣ አሁን ነፃ የወጣ ምልክት ነው። ለሌላው የራሱ ቀለም የዓድዋ አደራ ነው። ሁለቱም ታሪክ አላቸው። የጠበበው የመንገዱ ጠርዝ ነው።

ልዩነቱን ልብ እንበል። የተጣመረው እጅ የማንንም ቦታ አልወሰደም። የታሰረ ሰው የሚያሳዝነው ሁሉ፣ ቋንቋው ምንም ይሁን ምን፣ ሊያነበው ይችላል። ድንበር እንዲሆን የተቀባ ጠርዝ ግን አላፊ አግዳሚውን «የማን ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። የጎዳና ሥዕልን ዋጋ የምንመዝነው በዚህ ይመስለናል፤ መንገዱን ለሌላው ይከፍታል ወይስ ያጥራል?

አንድ ነገር እንጨምር። በካይሮ መሐመድ ማሕሙድ ጎዳና የተሣሉት የሰማዕታት ምስሎች በ2012 እ.ኤ.አ. በኖራ ሲሸፈኑ ሠዓሊዎቹ እንደገና ሣሉባቸው፤ ፎቶ አንሺዎችም መዘገቧቸው። እኛስ? ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. የተገደለውን የአምቦውን ልጅ ሃጫሉ ሁንዴሳን ፊት በቲሸርትና በፖስተር አይተናል። ቲሸርት ያልቃል፤ ፖስተር ይቀደዳል። ስልክ ሁላችንም ኪስ ውስጥ አለ። ወደድነውም ጠላነውም፣ ከመጥፋቱ በፊት ፎቶ እናንሳ፤ ቀኑንና ቦታውን እንጻፍ፤ የሣለውን ካገኘነውም ምን ማለቱ እንደሆነ እንጠይቀው። ነገ ታሪክ ጸሐፊ ሲመጣ ኖራ ብቻ እንዳያገኝ።